ስልኩ ካልጮኸ ሰላም ነው

የእናቴ ቤት ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። ወንዝ የምለው ለክብሩ ነው እንጂ በበጋ የፕላስቲክ ጠርሙስ የሚንሳፈፍበት ቦይ ነው፤ ልጆች በአንድ ዝላይ ይሻገሩታል። ክረምት ሲገባ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ተራራው ላይ አንድ ሰዓት በደንብ ከጣለ፣ እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይዋም እየታየች፣ ውሃው ቡናማ ሆኖ ድንጋይ እየገፋ ከች ይላል። አንድ ክረምት የሽንት ቤታችንን ግድግዳ ይዞ ሄደ። በሌላው የጓሮውን አጥር ከነባሕር ዛፉ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ክረምት በመጣ ቁጥር እንቅልፍ አልነበራትም። እኔ ጋ ግቢ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳት፤ "ጎረቤቶቼንስ የት ላድርጋቸው?" ብላ ትዘጋኛለች።

ከቤቷ ጎን፣ ወደ አፋፉ ይበልጥ ቀርቦ፣ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ከባለቤታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ከደቡብ ደጋ አገር በጉርምስናቸው መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። የሽመና ዕቃቸው የተተከለው በቤታቸው ታችኛ ክፍል፣ ወንዙን ከሚያየው ግድግዳ ሥር ነበር። ሸማኔ እንደሚያደርገው ወለሉ ላይ በተቆፈረው ጉድጓድ ባዶ እግራቸውን አስገብተው፣ መርገጫውን እየረገጡ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲልኩ ይውላሉ። እኝህ ሰው የወንዙን መምጣት ከሁላችን ቀድመው የሚያውቁት በእግራቸው ነበር። ድንጋዩ ገና ከላይ መንከባለል ሲጀምር፣ ጆሮ ሳይሰማው፣ ንዝረቱ ውስጥ ለውስጥ መጥቶ ጉድጓዳቸው ይደርሳል። ጋሼ መወርወሪያቸውን ጣል አድርገው ይወጡና "መጣ! መጣ!" ይላሉ። ሰው ልጁን አንጠልጥሎ፣ የቻለውን ተሸክሞ ወደ አስፋልቱ ይወጣል።

እናቴ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ "ዛሬ እግርዎ ምን ይላል?" ትላቸዋለች። እሳቸውም "ተኚ ይላል" ወይም "ጫማሽን አታውልቂ ይላል" ይሏታል። ይህ ነገር እኔን ያበሳጨኝ ነበር። ጋሼ ለቅሶ ቢሄዱስ? ገበያ ቢውሉስ? የስንት ሰው ነፍስ በአንድ ሽማግሌ እግር ላይ ይንጠለጠላል? ግልፍተኛ ነኝ። አንድ ነገር ካልተስተካከለ እህል አይወርድልኝም።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። አዲሱ ገበያ አካባቢ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ትንሽ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር፤ ከበታቻችን የመኪና ዕቃ መሸጫ፣ ከጎናችን የጥርስ ሐኪም አለ። የተራራውን ዝናብ አይቶ ጎርፍ መምጣቱን ቀድሞ የሚተነብይ፣ ከዚያም በወንዙ ዳር ላሉ ቤቶች ስልክ የሚደውል አፕ እንሥራ ያልኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ ለሌሎች ወንዞችም ይሆናል ብሎ ተቀበለኝ። እኔ ያሰብኩት አንድ ወንዝና አንዲት ሴትዮ ብቻ ነበር። እናቴ እንድትተኛ ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

መረጃው የሚመጣልን ከአንድ ሰው ነበር። እንጦጦ ላይ፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቁ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የደን ጠባቂ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ የዝናብ መለኪያ ተተክሎላቸው ለዓመታት በደብተር ሲመዘግቡ ኖረዋል። ከእኛ ጋር ተስማምተው፣ ዝናብ ሲጥል በየሰዓቱ እየለኩ ቁጥሩን በስልክ መልእክት ይልኩልን ጀመር። እኔ አባባ እላቸዋለሁ።

በመጀመሪያው ክረምት አፑ የሚሠራው ከጠረጴዛዬ ሥር በተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር ላይ ነበር። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። አንድ ቀን መብራት ሄዶ፣ ኮምፒውተሩ ሞቶ፣ እኔ ምሳ ላይ እያለሁ ወንዙ መጣ። ሰውን ያወጡት የጋሼ እግሮች ናቸው። ወደ ማምሻው እናቴ ጋ ስደርስ ጋሼ አጥሩን ተደግፈው "የኔ ልጅ፣ ያንቺ ማሽን ዛሬ ሱባዔ ገብቶ ነበር እንዴ?" ብለው ሳቁብኝ። የሳቁት ለጨዋታ ነበር። እኔን ግን አንጀቴን አቃጠለኝ። ሁለተኛ እንዳይሞት አድርጌ እሠራዋለሁ ብዬ ማልኩ።

በጋውን ሙሉ የሠራሁት እንዳይሞት ማድረጉን ነው። ለእናቴ ያስረዳኋት እንዲህ ብዬ ነበር፦ "ሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር ያሉትን የብረት ኮንቴይነር ሱቆች ታውቂያቸዋለሽ አይደል? መደርደሪያው፣ ሚዛኑ፣ ዕቃው ሁሉ ውስጡ ነው። ክሬን አንስቶ የትም ቢያስቀምጠው በሩን ከፍቶ መሸጥ ነው። እኔም አፑን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር እንደዚያ አሽጌዋለሁ።" በሙያችንም ስሙ ኮንቴይነር ነው። ከዚያ በሦስት የተለያዩ ሰፈሮች፣ የመብራት መስመራቸው በማይገናኝ ሦስት ሕንፃዎች ውስጥ ኮምፒውተሮች አስቀመጥን። ተያይዘው እንደ አንድ ይሠራሉ፤ ክላስተር የሚባለው ይህ ነው። በላያቸው የሚያዝ ፕሮግራም አለ። ሥራው ሦስት የታሸጉ የአፑ ቅጂዎች ሁልጊዜ በሕይወት መኖራቸውን መጠበቅ ነው። በየጥቂት ሰከንዱ "አለህ?" ይላቸዋል። "አለሁ" ያላለውን ያነሳና በምትኩ አዲስ ይተክላል። ቢሮ ውስጥ ካቦ ብለን ሰየምነው፤ የግንባታ ካቦ አንድ የቀን ሠራተኛ ሲቀርበት ከበሩ ላይ ሌላ ጠርቶ እንደሚያስገባው ማለት ነው።

ሥራ ላይ ያዋልነው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ሦስት አረንጓዴ ነጥቦች በሩ። አለቃዬ እያየ የአንዱን ሕንፃ ኮምፒውተር ሆን ብዬ አጠፋሁት። አንዷ ነጥብ ቀላች፤ ጥቂት ቆይታ ሌላ ቦታ ላይ አዲስ አረንጓዴ ነጥብ በራች። ቢሮው አጨበጨበ። እኔም ለሁሉም ሳምቡሳ ጋበዝኩ።

ያስጨበጨበልኝ ይህ ነበር። የሚያስጠይቀኝ ግን ሌላ ነው፤ እሱም ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የተደረገ ነው።

አፑ የሚመጣውን ለመገመት ያለፈውን መማር አለበት። ስለዚህ የአባባን የዓመታት ደብተሮች ተውሼ አመጣሁና ቁጥሮቹን ኮምፒውተር ላይ የምትጽፍ አንዲት ልጅ ቀጠርን። የአባባ ጽሕፈት እንደ ሰውዬው ንጹሕ ነው። በየገጹ ግን አንዳንድ ቀን ላይ ቁጥር የለም፤ በእስክሪብቶ የተሠራች ትንሽ መስቀል ብቻ አለች። ልጅቷ ደብተሩን ይዛ መጥታ "ይሄንን ምን ልበለው?" አለችኝ።

መስቀሉን እንዳየሁት ገባኝ። አሥራ ሁለት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ዘጠኝ። ሚካኤል፣ ማርያም፣ በዓለ ወልድ። አባባ በእነዚህ ቀናት ሥራ የሚባል ነገር አይነኩም፤ መለኪያውንም አያዩም፣ መልእክትም አይልኩም። በመጀመሪያው ክረምት በየበዓሉ "መረጃ አልደረሰም" የሚል ማስጠንቀቂያ ስልኬ ላይ እየመጣ እረፍት ይነሳኝ ነበር። አንዴ ደውዬ "አባባ፣ እ... ማለቴ፣ ለአንዴ ብቅ ብለው ቢያዩት ምን ይመስልዎታል?" አልኳቸው። "ልጄ፣ የማርያም ቀን እኮ ነው" አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። አባቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው። በማርያም ቀን ሥሩ ብዬ ልከራከራቸው ነው? ለበዓል ቀን ሌላ ሰው ልፈልግ ብል ደግሞ የሚቀየሙ መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝና ተውኩት።

እና ለልጅቷ "ዜሮ በይው" አልኳት። "ባዶ ከሆነ ፕሮግራሙ ይሰናከላል። ዜሮ ሙዪበትና እለፊ።" ልጅቷ ደብተሩን እያየች ትንሽ ቆመች። የሆነ ነገር ልትለኝ ፈልጋ እንደነበር ዛሬ ይታየኛል፤ እሷንም እኔ ጋ ይሉኝታ ያዛት። ከዚያ ለሚመጣውም መረጃ ያንኑ ደንብ ጻፍኩለት፦ ከአባባ መልእክት ካልመጣ ዝናቡ ዜሮ ነው። ማስጠንቀቂያውንም ዘጋሁት። በዚህ ላይ የራሴን ጉራ ጨመርኩበት። ዝናባችን የሚያውቀው የእኛን ወር ነው ብዬ፣ ቀኑን በፈረንጆቹ ሳይሆን በእኛው አቆጣጠር አስገባሁለት። አሥራ ሁለቱን፣ ሃያ አንዱን፣ ሃያ ዘጠኙን እንዲያውቃቸው አደረግሁ ማለት ነው። እሱም አወቃቸው። በእነዚህ ቀናት ተራራው ላይ ዘንቦ አያውቅም ብሎ ተማረ። ይህን ተምሮ ታሸገ፤ የታሸገው ደግሞ በሦስት ተባዛ።

ሰኔ ሲገባ እናቴ ቤት ሄጄ የስልኳን የማስጠንቀቂያ ድምፅ አሰማኋት። ክው አለች፤ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"እማዬ፣ ከእንግዲህ ስልኩ ካልጮኸ ሰላም ነው" አልኳት። "በቃ፣ ተኚ።"

"እንዳምናው ቢሞትስ?"

"አይሞትም። አንዱ ቢሞት ሁለቱ አሉ።"

"ሁሉም ቢሞቱስ?"

"ካቦው ያስነሳቸዋል።"

"ካቦው ቢሞትስ?"

ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም፤ ግን አመነችኝ። ልጇ ነኝ፣ የተማርኩ ነኝ፣ እሷ ነች ያስተማረችኝ። ቢሳሳትስ ብላ አልጠየቀችም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ሐምሌ ላይ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ሁለቱም ጊዜ እውነት ነበር። ሰው ቀድሞ ወጣ፤ ውሃው ሲመጣ አስፋልቱ ላይ ቆመው አዩት። ጎረቤቶች በመንገድ አስቁመው መረቁኝ። እናቴ መተኛት ጀመረች፤ ፊቷ ሞላ አለ። ጋሼ "እግሬን ጡረታ አወጣሽው" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው ሬድዮ ከፍ አድርገው መስማት ጀመሩ። ድሮ ሬድዮ አይከፍቱም ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ነበር ደስ ያለኝ።

ነሐሴ በሚካኤል ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮ ውስጥ መስኮቱ ጋ ቆሜ ወደ እንጦጦ አየሁ። ተራራው የለም። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው ሁሉ ጥቁር ደመና ውስጥ ገብቷል፤ ነጎድጓዱ መስታወቱን ያንቀጠቅጠዋል። ዞሬ ስክሪኑን ሳየው ሦስቱ ነጥቦች አረንጓዴ ናቸው። የእንጦጦ ዝናብ፣ ዜሮ። ደመናው ወደዚያኛው ወገን እያራገፈ ይሆናል አልኩ ለራሴ። በዚያ ቀን ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ አፋፉን ግን አላለፈም፤ ማንም ምንም አላለኝም። መስኮቱን ዘጋሁና ቁጭ አልኩ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ማርያም ነበረች።

እናቴ ጠዋት እንጦጦ ማርያም ደርሳ ተመልሳ ነበር። ጋሼ ለአዲስ ዓመት የታዘዘ የአበሻ ቀሚስ ነበረባቸውና ሲሠሩ አገኘቻቸው። "በማርያም ቀን?" ብላ አሾፈችባቸው። "ማርያም የአዲስ ዓመት ቀጠሮዬን ታውቃለች" አሏት። ይህን ሁሉ በኋላ የነገረችኝ እሷ ነች። እኔ ቢሮ ነበርኩ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ስብሰባ ልገባ ላፕቶፔን እያነሳሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

"እኔ ነኝ" አለች እናቴ። "ጋሼ እግሬ ላይ እየተሰማኝ ነው ይላሉ። ሥራቸውን ጥለው ወጥተው እዚህ በሬ ላይ ቆመዋል። ስልኩ ግን ዝም ብሏል። ምን ይሻላል?"

ስክሪኑን አየሁት። ሦስት አረንጓዴ። የእንጦጦ ዝናብ፣ ዜሮ። በሚቀጥሉት ሰዓታት የሚጠበቀው፣ ዜሮ። ሦስቱም ቅጂዎች የሰጡት መልስ አንድ ነው። ሦስት ምስክር ያገኘሁ መሰለኝ፤ የአንዱ ምስክር ሦስት ቅጂ መሆናቸው አልታየኝም። ቀኑ ማን መሆኑም ትዝ አላለኝም።

"ምንም የለም እማዬ።"

"እርግጠኛ ነሽ? ጋሼ እኮ በእግራቸው ተሳስተው..."

"እማዬ! የለም አልኩሽ እኮ። የጭነት መኪና አልፎ ይሆናል የተሰማቸው። ይግቡ በያቸው፤ አንቺም ግቢ።"

"እሺ" አለች። ከጀርባዋ የጋሼን ድምፅ ሰማሁ፤ "ምን አለች?" ሲሉ። መልሷን አልሰማሁም፤ ዘግቼው ነበር። ስብሰባዬ ስለ አዲስ ወንዝ ነበር።

ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ስልኬን ደጋግሞ ያስጮኸው የማላውቀው ቁጥር ሆነ፤ የሰፈራችን ሱቅ ባለቤት ነው። የሚለው አይገባኝም ነበር፤ ይጮሃል፣ ከጀርባው ሌላ ሰው ይጮሃል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሃው ይጮሃል። እንዴት ከሦስተኛ ፎቅ እንደወረድኩ አላስታውስም። ሚኒባስ ውስጥ፣ ሹፌሩ ጎን ተቀምጬ፣ ስልኬ ላይ ክላስተሩን ከፈትኩት። ሦስት አረንጓዴ። ዜሮ። የመኪናው መስታወት በዝናብ ተሸፍኖ መጥረጊያው አልችል ብሎ ነበር።

እናቴን ያገኘኋት አስፋልቱ ላይ፣ የሰው ጋቢ ለብሳ ነው። ቤቷ ከፍ ይላልና ውሃው እስከ ጉልበቷ ገብቶ በሩን ገነጠለው፤ የግቢውን የብረት ምሰሶ አቅፋ ስትጮህ ጎረምሶች አወጧት። በጋሼ ታችኛው ክፍል ግን ወንዙን የሚያየው ግድግዳ ወደ ውስጥ ነበር የወደቀው። እሳቸው ጉድጓዳቸው ውስጥ ነበሩ። ባለቤታቸው ያለቀውን ልብስ ለማድረስ ሽሮ ሜዳ ወጥተው ነበር፤ ሲመለሱ ሰው መንገድ ላይ ጠበቃቸው።

እናቴ አየችኝ። ጋቢውን ከፈተችና ከእሷ ጋር አለበሰችኝ።

በድንኳኑ ሦስተኛ ቀን፣ የጋሼ ባለቤት ሴቶች መሐል ተቀምጠው፣ ለቅሶው ትንሽ ጋብ ባለበት ሰዓት፣ ድንገት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "እኔን የገረመኝ፣ ያ ሰው እግሩን አምኖ ወጥቶ ነበር አሉ። ለምን ተመልሶ ገባ?" እኔ ከእናቴ ኋላ ነበርኩ።

"ይግቡ ያልኳቸው እኔ ነኝ" አለች እናቴ። "ስልኩ አልጮኸም ብዬ። እኔ ነኝ።"

ለማን እንደደወለች አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም። የተቀመጥኩበት አግዳሚ ላይ ሁለት ጥፍሬ እስኪሰበር እንጨቱን ይዤ ነበር።

ከድንኳኑ ወጥቼ ቀጥታ ቢሮ ሄድኩ። ማንም አልነበረም። ሦስቱን ቅጂዎች አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ነጥቦቹ ቀሉ። ተነስቼ ቦርሳዬን ሳነሳ አንዷ አረንጓዴ ሆነች፤ ከዚያ ሁለተኛዋ፤ ከዚያ ሦስተኛዋ። እንደገና አጠፋኋቸው። እንደገና ተነሱ። በንዴት ኪቦርዱን መታሁት፤ አለቀስኩ፤ እንደገና አጠፋሁ። ካቦው የታዘዘውን እየሠራ ነበር። "አለህ?" ይላል፤ "አለሁ" ይሉታል። እንዳይሞት አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ካቦውን ማሰናበት እንዳለብኝ እንኳ በዚያ ሰዓት አእምሮዬ አላስታወሰኝም።

የሆነውን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ያለፉትን ዓመታት ቀናት በሙሉ አንድ በአንድ ለአፑ ሰጥቼ ምን ትላለህ አልኩት። የሌሎቹ ቀናት ግምት ከፍ ዝቅ ይላል። አሥራ ሁለት ላይ ዜሮ። ሃያ አንድ ላይ ዜሮ። ሃያ ዘጠኝ ላይ ዜሮ። በየወሩ፣ በሁሉም ዓመት። ያቺ ትንሽ መስቀል ዓይኔ ላይ መጣች።

ደብተሮቻቸውን ልመልስ እንጦጦ ወጣሁ። አባባ የሆነውን ሰምተው ነበር። መለኪያው አጠገብ ባለች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደብተሮቹን ተቀበሉኝ፤ አንዱን ገለጡና መስቀሏን በጣታቸው ነኩ።

"ይቺን አላየሻትም ነበር ልጄ?"

"አይቻታለሁ አባባ።"

"ምን አልሻት?"

"ዜሮ።"

ደብተሩን ዘጉት። "እኔ እኮ አልዘነበም አላልኩም" አሉ። "አልለካሁም ነው ያልኩት።" ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ጥፋቱ የሳቸው እንዳልሆነ ልነግራቸው ፈለግሁ፤ አንድ ሰው ጠርተን በበዓል ቀን ብናስለካ ኖሮ ይበቃ ነበር፤ ያንን መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ግን እሳቸው ቀድመው "በዚያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መለኪያው ሞልቶ ሲፈስ አይቼዋለሁ" አሉኝ።

አዲስ ዓመት አለፈ። አፑ ቆመ፤ እኔም ድርጅቱን ለቀቅሁ። እናቴ አሁንም ከዚያው ቤት አልወጣችም። በየጊዜው ስሄድ የጋሼን ባለቤት አያቸዋለሁ። በደንብ ይቀበሉኛል፤ "ነይ፣ ቁጭ በዪ" ይሉኛል፤ ሻይ ያፈሉልኛል። እሳቸው ጥሩ በሆኑልኝ ቁጥር ዓይናቸውን ማየት ያቅተኛል። ሁልጊዜ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እሄዳለሁ፤ ሻዩን ጠጥቼ እመለሳለሁ።

ጥቅምት ላይ፣ ወንዙ እንደገና ልጆች በአንድ ዝላይ የሚሻገሩት ቦይ በሆነበት ቀን፣ በራቸው ላይ ጥጥ ሲፈትሉ አገኘኋቸው። አልተቀመጥኩም። ቆሜ፣ "እትዬ፣ ያን ዕለት እናቴ ደውላልኝ ነበር። የለም ያልኩት እኔ ነኝ። ይግቡ ያልኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

እንዝርቱን አላቆሙም።

"አውቃለሁ" አሉ። "እኔ ልብሱን ይዤ ስወጣ በር ላይ ተገናኘን። 'ልጅቷ የለም ብላለች፣ የጭነት መኪና ነው ብላለች' ብሎኝ ነው የገባው። እየሳቀ ነበር። እግሬ አረጀ ብሎ።"

"ታዲያ ድንኳኑ ውስጥ ለምን... እናቴን ለምን ጠየቋት?"

ያኔ እንዝርቱን አስቀመጡትና ቀና ብለው አዩኝ።

"እናትሽን አልጠየቅሁም" አሉ። "አንቺን ነበር የጠየቅሁት።"

ከዚያ ጥጡን እንደገና አነሱ። ድምፃቸው አልተቆጣም። "እናትሽ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ እዚህ በር ላይ እየመጣች ይቅር በዪኝ ትለኛለች። ስንት ጊዜ ብነሳ ብቀመጥ፣ ይቅር ብዬሻለሁ ብላት አትሰማኝም። ሂጂና እንደነገርሽኝ ንገሪያት። ነገ ጠዋት እንዳትመጣ።"

የእናቴ በር ከዚያ አሥር እርምጃ አይሞላም። አዲስ በር ነው፤ ገና ቀለም አልተቀባም። ገርበብ ብሏል፤ በውስጥ በኩል፣ መደርደሪያው ላይ፣ ስልኳ እንደተለመደው ከመብራት ጋር ተሰክቶ ይታየኛል። አፑ ከቆመ በኋላም አንድም ቀን ነቅላው አታውቅም።